ወረቀቱ ላይ ልፈርም ወይስ ክስ ልክፈት? (አዳማ)

የጠዋት ንፋስ — ጥቅምት 4፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አዳማ ቦኩ አካባቢ ነው። ከተጋባን 11 ዓመት ሆነን። ሴቷ ልጃችን 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 5። ካለፈው ዓመት ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት ተከራይ ነው የምንኖረው። ምክንያቱን አልዘረዝርም። ድብደባ የለም። ሌላ ሴት ትኑር አትኑር መጠየቁን ትቻለሁ። መለያየቱን ሁለታችንም አምነንበታል፣ የቸገረን አለያየቱ ነው።

ያለን ሦስት ክፍል ቤት ከነሰርቪሱ (ካርታው በሱ ስም ነው፣ ቦታው ሲገዛም ሲሠራም ግን አብረን ነበርን)፣ ሾፌር ይዞት የሚሠራ አንድ ባጃጅ፣ የቤት ዕቃ። ዕዳም አለ። ጣሪያው ሲመታ ከታላቅ ወንድሜ 180 ሺህ ብር ወስደናል፣ ወረቀት የለውም። ባሌ ደግሞ ዕቁብ ደርሶት በልቶታል፣ ገና 14 ዕጣ ይቀረዋል። እኔ ፋርማሲ ተቀጥሬ እሠራለሁ።

ባለፈው እሁድ አንድ ገጽ ወረቀት አስጽፎ መጣ። እንዲህ ይላል፦ ለመፋታት ተስማምተናል። ልጆቹን እናት ታሳድጋለች። አባት እንደ አቅሙ ይረዳል። ባጃጁን እናት ትወስዳለች። ቤቱን አባት ለልጆቹ ይጠብቃል። ከታች ፊርማና የሦስት ምስክር ቦታ። «ጠበቃና ፍርድ ቤት ገንዘብ መጨረስ ነው፤ ፈርሚና በሰላም እንለያይ» አለኝ። በጥሩ አፍ ነው ያለኝ፣ አልዋሽም።

ወንድሞቼ ደግሞ «ክሰሺው፣ ግማሹን ታገኛለሽ» ብለው ይዘውኛል። እኔ ልጆቼ ፊት መካሰስ አልፈልግም፣ መታለልም አልፈልግም። ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

———

ተው_ባይ — ጥቅምት 4፣ ማታ 3:41

ክሰሺው አለቀ። ወንድ ልጅ አስጽፎ ከመጣ የተጻፈው ለሱ ነው።

———

የወንጂ ልጅ — ጥቅምት 4፣ ማታ 4:25

ከላይ ያለው ወንድሜ ከሶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ከስሼ አውቃለሁ።

ፍቺው ራሱ አራት ወር ነው የፈጀው። ንብረቱ ሦስት ዓመት ከምናምን። መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝር አቅርቡ ተባልን። እኔ ጻፍኩ፣ እሷም ጻፈች፣ አልገጠመም። «አንድ የእንጀራ ምጣድ፣ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ቡፌ» ተብሎ ችሎት ፊት ሲነበብ እዚያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቡፌውን እኔ «የግሌ ነው፣ ከጋብቻ በፊት የገዛሁት» ብዬ ተከራከርኩ። እግሩ የተሰበረውን! ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እልህ ነው።

ከዚያ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ገመተ። እኔ ግማሹን ከፍዬ ቤቱን ላስቀረው አልቻልኩም፣ እሷም አልቻለችም። ለሁለት ይከፈል ቢባል በሩ አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ። ሐራጅ ወጣ። ጎረቤታችን ገዛው፣ ገበያው ከሚያወጣው በታች። የጠበቃ፣ የቀጠሮ መመላለሻ፣ የተበደርኩት ሲቀነስ እጄ ላይ የቀረው አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል አይገዛም ነበር። አሁንም ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ በር ነው የማልፈው። ቀለሙን ቀይሮታል።

ስለዚህ ስምምነት ቢሆንልሽ ደስ ይለኛል። ያ ወረቀት ግን ስምምነት አይደለም።

———

ፈርሜ ያለቅኩ — ጥቅምት 4፣ ማታ 4:52

«እንደ አቅሙ ይረዳል» የሚለውን ሳይ ሆዴ ባባ። እኔም ወረቀት ላይ የነበረው ይኸው ነው፣ ቃል በቃል። የሱ አቅም በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ።

በኋላ ቀለብ ልጠይቅ ስሄድ «ተስማምተሽ ፈርመሻል እኮ» ተባልኩ። መጠየቅ አይቻልም አላሉኝም፣ የልጅ ቀለብ ሁልጊዜም ይጠየቃል። ግን ሥራዬን እየተውኩ እንደ አዲስ ተመላለስኩ፣ ገቢውን የማስረዳው እኔ ሆንኩ፣ እሱ በዚያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ለቆ «ሥራ የለኝም» ባይ ሆኗል። ቁጥር አስጽፊ። ቀኑንም አስጽፊ፣ ከወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ። ያኔ ቢያስቀር ያለሽ ልመና ሳይሆን ውሳኔ ነው፣ ውሳኔው እንዲፈጸምልሽ አፈጻጸም ትከፍቻለሽ።

———

እትዬ ወይንሸት — ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ንብረት ያወራል። ሽማግሌ ተቀምጧል ወይ? 11 ዓመትና ሁለት ልጅ በአንድ ገጽ አይፈርስም። የኔ ቤት ሦስት ጊዜ ሊፈርስ ሲል ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ነው ያቆመው። አሁን ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ። ባልቆም ኖሮ የማዝንለት ሰው እንኳ አይኖረኝም ነበር።

———

የጠዋት ንፋስ — ጥቅምት 5፣ ጠዋት 2:03

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል፣ አንዴ በሱ ወገን አንዴ በእኔ። ሁለተኛው ላይ እሱም እኔም አንድ ዓይነት ነገር ነው የተናገርነው፣ «ደክሞናል» ብለን። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ዝም አሉ። እርስዎ እንዳሉት ቢሆን ደስታዬ ነበር።

———

እትዬ ወይንሸት — ጥቅምት 5፣ ጠዋት 2:20

እንግዲህ ተቀምጦ ካልሆነ ምን ይደረጋል። እነዚያኑ ሽማግሌዎች ግን አትልቀቂያቸው። ለማስታረቅ ባይሆን ለመቁጠር ይሁኑሽ። ደብተር ይያዙ፣ ያለውን አንድ በአንድ እሱም አንቺም ባላችሁበት ይጻፉ። ሰው በሚያከብረው ሽማግሌ ፊት «ይህ የለም» ብሎ ለመካድ ያፍራል። ዳኛ ፊት ግን አያፍርም፣ ዳኛውን አያውቀውማ።

———

ቀጠሮ አስረዛሚ — ጥቅምት 5፣ ቀን 6:40

ስሜን አትፍረዱበት፣ ጠበቃ ነኝ፣ ጓደኞቼ ናቸው ያወጡልኝ። ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ የሚሠራብሽ ሕግ። አዳማ ስለሆንሽ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ 69/1995፣ በ83/1996 የተሻሻለው። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የፌዴራሉ አዋጅ 213/1992 ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። አጥንታቸው ተመሳሳይ ነው፣ እኔም ከዚህ በታች የምጠቅሰው የፌዴራሉን ቁጥር ነው፣ በየቦታው የምታገኚው እሱን ስለሆነ።

ሁለተኛ፣ «ስምምነት ወይስ ፍርድ ቤት» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። ዛሬ ጋብቻን የሚያፈርስ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት፣ መቶም ይፈርምበት፣ አያፋታም። በስምምነት መፋታት ማለት የፍቺውንም የውጤቱንም ስምምነት ጽፋችሁ ፍርድ ቤት አቅርባችሁ ማጸደቅ ነው (አንቀጽ 77)። ምክንያት ተናገሩ አትባሉም። ዳኛው ለብቻ ለብቻም አንድ ላይም ያነጋግራችኋል፣ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ። ከዚያ በእርግጥ ፈቅዳችሁ መሆኑን፣ ስምምነቱ ከሕግና ከሞራል ጋር አለመጋጨቱን አይቶ ያጸድቃል። የልጆቹን ወይም የአንዳችሁን ጥቅም በበቂ አይጠብቅም ካለ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ራሱ ሊወስን ይችላል (አንቀጽ 80)።

ያለ ስምምነት በአቤቱታም (ወንድሞችሽ ክስ በሚሉት) ብትሄጂ ዳኛው መጀመሪያ ተስማሙ ነው የሚልሽ። በመረጣችሁት ሽማግሌ ጨርሱ ይላል፣ እዚያም የማሰቢያ ጊዜ አለ። ልዩነቱ አንድ ትልቅ ነገር ላይ ነው። አቤቱታ እንደገባ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል (አንቀጽ 82)። ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትደራደሩ ይህ የለሽም።

አሁን ወረቀትሽ።

«ቤቱን አባት ለልጆቹ ይጠብቃል» የሚለውን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለልጆቹ ስጦታ አይደለም፣ ስጦታ ቢሆን በስጦታ ውል ይሆን ነበር። ላንቺ ድርሻ አይደለም። አደራም አይደለም፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው አይልም። በተግባር ቤቱ የሱ ነው ማለት ነው። ነገ ሌላ አግብቶ ቢወልድ እነዚያም ልጆቹ ናቸው። ሕጉ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል (አንቀጽ 63)። የካርታው ስም አያስደንግጥሽ።

የወንድምሽ 180 ሺህ። እዚህ ላይ በክስ ብቻ የሚያምኑት ሰዎች ያላዩት ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚያምነው ወይም በሚምለው እንጂ በምስክር አይረጋገጥም። ባልሽ ችሎት ላይ «አልወሰድኩም» ካለ ጣሪያውን ሲመታ ያዩ አሥር ሰዎች ብትጠሪ ዋጋ የለውም። ዛሬ በሰላም እየተነጋገራችሁ ሳለ «የጋራ ዕዳችን ነው» ብሎ ቢፈርም ግን አለቀ። እንዲህ ያለውን የሚያስገኝልሽ ስምምነት ነው፣ ዳኛ አይደለም።

ዕቁቡም እንዲሁ። ገንዘቡ የት ገባ ብለሽ ጠይቂ። ለቤተሰቡ ከዋለ የጋራ ዕዳ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ የቀሩት 14 ዕጣዎች ግማሽ ወደ አንቺ ሊመጣ ነው።

ከአንድ ጠበቃ ጋር አብራችሁ እንዳትሄዱ። የሱ ጠበቃ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፣ ያንቺ ጠበቃ ግን አይደለም።

———

ሽቅብ_ቁልቁል — ጥቅምት 5፣ ቀን 7:02

እኔ ሠርግ እያሰብኩ ነበር እዚህ የገባሁት። ልውጣ።

———

ሦስት እግር — ጥቅምት 5፣ ቀን 8:15

ማንም ስለ ባጃጁ አላወራም። እኔ የማውቀው ባጃጅ ስለሆነ ስለሱ ላውራ።

ባጃጅ ዕለት ዕለት ብር ስለሚያመጣ ሴቶች «ይሻለኛል» ብለው ይወስዱታል፣ ባሎችም ያንን ያውቃሉ። ቤት ይዞ ባጃጅ መስጠት ማለት በሬውን ይዞ ወተቱን ስጡኝ ካለው ሰው ያላነሰ ብልጠት ነው (ተረቱን አበላሸሁት መሰለኝ፣ ነገሩ ገብቷችኋል)። ቤት ዋጋው ይወጣል፣ ባጃጅ ከሾፌሩ ጋር ያረጃል። ከመውሰድሽ በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት አጣሪ። ሞተሩ መቼ እንደወረደ ሾፌሩን ጠይቂ። ባልሽን ሳይሆን ሾፌሩን። ደግሞ ሾፌሩ ሒሳብ የለመደው ከማን ጋር ነው? ከባልሽ ጋር ከሆነ አንቺ ጋር ሲመጣ በሳምንት ሦስት ቀን ጎማ ይተነፍሳል።

———

ከሚኒሶታ — ጥቅምት 6፣ ሌሊት 8:30

ተወልጄ ያደግኩት እዚያው አዳማ ገንደ ሃራ ነው፣ አሁን ሚኒያፖሊስ ነኝ። እኔ የተፋታሁት እዚህ «የትብብር ፍቺ» በሚሉት ነው። ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ከተማ ነው፣ ስቱዋርት ዌብ የሚባል የፍቺ ጠበቃ በ1990 (በፈረንጆቹ) ክርክሩ አንገሽግሾት «ከእንግዲህ ለማስማማት እንጂ ለመካሰስ አልቆምም» ብሎ የጀመረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሱም የራሱ ጠበቃ አለው፣ እኔም የራሴ። አራታችንም ውል ፈረምን። ውሉ ሁለት ነገር ይላል፦ ያለንን ንብረትና ዕዳ ሳንደብቅ በሙሉ እናወጣለን፤ ድርድሩ ከፈረሰና ጉዳዩ ወደ ክርክር ከሄደ ደግሞ ሁለቱም ጠበቆች ይወጣሉ፣ አዲስ ጠበቃ ይዘን እንደገና እንጀምራለን። ይህ ሁለተኛው ነው ቁልፉ። ጠበቃው እንድንጣላ ምንም ጥቅም የለውም፣ እኛም ብንጣላ የከፈልነው ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ስድስት ጊዜ ነው የተቀመጥነው። አራተኛው ላይ እኔ ተነስቼ ወጥቼ መኪና ውስጥ አልቅሼ ተመልሻለሁ።

ርካሽ ነው አልልም፣ ሁለት ጠበቃ ነው። ግን ልጄ ዛሬ በሁለታችንም ቤት የልደት ኬክ ትቆርሳለች።

———

የጠዋት ንፋስ — ጥቅምት 6፣ ጠዋት 1:30

ይህ ነገር እኛ ጋ አለ? ቀጠሮ አስረዛሚ፣ እስቲ።

———

ቀጠሮ አስረዛሚ — ጥቅምት 6፣ ቀን 6:10

በዚያ ስምና በዚያ ውል አልተለመደም። ከፊሉን ግን ቀድተሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጠበቃ ለማማከር ብቻ ያዙ። እትዬ ወይንሸት ያሉትን ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ያለቀውን ጽፋችሁ ለማጸደቅ ወደ ፍርድ ቤት ውሰዱ። የማይገኘው ያ ጠበቆቹን የሚያስር ውል ነው፣ ስለዚህ ድርድሩ ቢፈርስ ያው ጠበቃው ከሳሽ ሆኖ ሊመጣብሽ ይችላል። ለእሱ ጠበቃ የምትናገሪውን እየመረጥሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰዎች «በግልግል ዳኝነት እንጨርስ» ይላሉ። አዋጅ 1237/2013 ፍቺን ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡ ጉዳዮች ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሽማግሌ ያስማማል፣ አያፋታም።

———

ስም የለኝም — ጥቅምት 6፣ ማታ 2:48

ሁላችሁም «ተቀመጡ ተነጋገሩ» ትላላችሁ። እኔም ተቀምጬ ተነጋግሬ ነበር። አምስት ወር። በአምስቱ ወር ውስጥ መኪናው ተሸጠ፣ በስሙ የነበረ ቦታ ለአጎቱ ልጅ ዞረ፣ የባንክ ሒሳቡ ባዶ ሆነ። እኔ በየቅዳሜው ሻይ እያፈላሁ ስደራደር ነበር።

እህቴ ባልሽ እንዲህ ነው አላልኩም። ድብደባ የለም ብለሻል፣ ይመስገን፤ ቢኖር ኖሮ «ስምምነት» የሚለውን ቃል ራሱ አትስሚ ነበር የምልሽ፣ የሚፈራ ሰው የሚስማማው ሁሉን ነው። ብቻ ከመቀመጥሽ በፊት የካርታውን፣ የሊብሬውን፣ የግብር ደረሰኙን ፎቶ አንሺ። ዛሬ ማታ።

———

ቀጠሮ አስረዛሚ — ጥቅምት 6፣ ማታ 3:30

ስም የለኝም፣ የሸጠው ሕጉን ጥሶ ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም (አንቀጽ 68)። ሲሸጥ ይፍረስልኝ ማለት ይቻላል፣ ግን መሸጡን ባወቅሽ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ቢበዛ ውሉ በተፈጸመ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 69)። ጊዜው ካላለፈብሽ ነገውኑ ሂጂ። ለጠዋት ንፋስም፦ ድርድር ላይ ሆነሽ የመሸጥ ሽታ ከሸተተሽ አቤቱታ አስገብተሽ እግድ ጠይቂ። አቤቱታ ማስገባት ድርድሩን አይዘጋውም። ብዙ መዝገብ በክስ ተከፍቶ በስምምነት ይዘጋል።

———

ስም የለኝም — ጥቅምት 6፣ ማታ 3:44

ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ተወው።

———

የፍራንኮ ልጅ — ጥቅምት 7፣ ቀን 5:20

ትንሽ ነገር ግን የምታደናቅፍ፦ የኛ የአዳማ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። የማትችይ ከሆነ አስተርጓሚ ይኖራል፣ ማመልከቻውን ግን ደጅ ያሉት ጸሐፊዎች ናቸው የሚጽፉልሽ። እኔ የፈረምኩት ማመልከቻ ላይ «ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይሁኑ» ተብሎ ነበር የተጻፈው፣ እኔ «አባታቸው ይጎብኛቸው» ነው ያልኩት። የታሰበበት ተንኮል የለበትም፣ ጸሐፊው ምሳ ሊሄድ ቸኩሎ ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ የራስሽ ሰው ሳያነብልሽ አትፈርሚ።

———

ሰኪና — ጥቅምት 7፣ ቀን 9:05

እኛ በኒካህ ነው የተጋባነው። ለኛም ይሄው ነው?

———

ቀጠሮ አስረዛሚ — ጥቅምት 7፣ ማታ 1:12

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ በሸሪዓ እንድትዳኙ በር ይከፍታል። «ሁለታችሁም» የሚለው ላይ አስምሪበት። አንዳችሁ ካልፈለጋችሁ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

———

የጠዋት ንፋስ — ጥቅምት 27፣ ማታ 3:55

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ምክራችሁን ይዤ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ ዕዳዬ ነው።

ፎቶዎቹን ያኔውኑ ማታ አነሳሁ። ወረቀቱን አልፈረምኩም፣ «አልፈርምም» ግን አላልኩትም፤ «አክስትህ ጋ ደብተር ይዘን እንቀመጥ» ነው ያልኩት። አክስቱን ይፈራቸዋል። ወንጂ ነው የሚኖሩት፣ ሁለት ቅዳሜ ሄድን። ከእኔ ወገን ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጡ። ወንድሞቼን አልወሰድኩም፣ ተቆጥተውኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የቤቱ ጉዳይ ላይ ስንደርስ ንግግሩ ፈረሰ። «ግማሽ ብላ ልትሸጠው ነው፣ ወንድሞቿ ናቸው የሚበሉት» ብሎ ጮኸ። እኔ ለመሸጥ አስቤም አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ያ «ለልጆቹ ይጠብቃል» የሚለው ነገር። ብልጠት ብቻ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበረበት። አክስቱ ደብተሩን ዘግተው ቡና አፈሉ፣ እስከ ሦስተኛው ማንም ምንም አልተናገረም።

በሁለተኛው ቅዳሜ የደረስንበት ይህ ነው። ቤቱ የሁለታችን እኩል ነው ተብሎ ተጻፈ። እኔና ልጆቹ ዋናው ቤት እንቀመጣለን፣ እሱ ይወጣል። ሰርቪሶቹ ይከራዩና ኪራዩ 14ቱን ዕጣ እስኪጨርስ ለዕቁቡ ይገባል፣ ገንዘቡ ለሰርቪሶቹ ግንባታ እንደዋለ ሰብሳቢው ፊት አሳይቶኛል። ዕቁቡ ሲያልቅ ቤቱ ተገምቶ አንዳችን ሌላውን እንገዛለን። የወንድሜ 180 ሺህ «የጋራ ዕዳ» ተብሎ ተጻፈ፣ ፈረመ። በዚህኛው አንድ ቃል አልተከራከረም። አፍሮ ነበር መሰለኝ፣ ወንድሜ እኮ ጣሪያው ላይ ቆሞ ቆርቆሮ አብሮት መትቷል። ቀለብ በወር 6 ሺህ፣ በአምስተኛው ቀን፣ በእኔ ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ እኩል።

ባጃጁ ለእኔ ሆነ። ሦስት እግር፣ ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ። «ሞተሩ ደህና ነው» አለኝ፣ ወደ ሌላ እያየ።

———

ቀጠሮ አስረዛሚ — ጥቅምት 28፣ ጠዋት 3:20

ጎበዝ። ግን «ተገምቶ» ብላችሁ አትተዉት። ማን ይገምታል? በማን ወጪ? ሁለታችሁም መግዛት ብትፈልጉስ? ሁለታችሁም ባትችሉስ? ገዢው በስንት ወር ከፍሎ ይጨርሳል፣ ባይጨርስስ? እስከዚያ የጣሪያ ግብሩን ማን ይከፍላል? የወንጂ ልጅ ሐራጅ ላይ የወደቀው እዚህችው ክፍተት ላይ ነው። ስድስት መስመር ጨምሩበት። ልጆቹን ደግሞ መቼ መቼ እንደሚያይ በቀንና በሰዓት ጻፉ፣ «ሲፈልግ» አትበሉ።

ሲጸድቅ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛችሁ በ30 ቀን ውስጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አስመዝግቡና የፍቺ ምስክር ወረቀት ውሰዱ። ሰው ይረሳዋል፣ ከዓመታት በኋላ ለማግባት ወይም ውጭ ለመሄድ ሲፈልግ ይሯሯጣል።

———

የወንጂ ልጅ — ጥቅምት 28፣ ጠዋት 4:11

ሁለታችሁም ባትችሉ የሚለውን አደራ። አደራ።

———

ተው_ባይ — ጥቅምት 28፣ ቀን 6:30

አሁንም ክሰሺው ነበር የምለው። ግን እሺ።

———

እትዬ ወይንሸት — ጥቅምት 28፣ ቀን 10:40

የባልሽን አክስት ሰላም በይልኝ። ቡናውን ያፈሉት በደንብ ነው።

———

የጠዋት ንፋስ — ጥር 19፣ ማታ 2:35

ለጠየቃችሁኝ በውስጥ መስመር፦ ስድስቱ መስመር አሥራ አንድ ሆነ። የመሬትና ቤት ግምት የሚሠራ ባለሙያ ሁለታችን አብረን እንመርጣለን፣ ወጪው እኩል፣ ገዢ በ18 ወር ይከፍላል፤ ሁለታችንም ካልቻልን ቤቱ ሳይሸጥ ተከራይቶ ኪራዩ ይካፈላል፣ ልጁ 18 እስኪሞላው።

ዳኛዋ መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ፣ ከዚያ እሱን አስገባች። «ማንም አስገድዶሻል?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። «ለምን ትፋታላችሁ?» አላለችም፣ ይህ ነው የገረመኝ፣ ሳልጠየቅ ልመልስ ነበር። የማሰቢያ ጊዜ ተሰጠን። በዚያ መሀል ገና አብረን በላን፣ ልጆቹ ስለፈለጉ፣ እሱ ዶሮውን ገንጥሎ ሰጥቶኝ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ጸደቀ።

ባጃጁ ትናንት ፖስታ ቤቱ ጋ ሞተሩ ነከሰ። ሾፌሩ «ከመከፋፈላችሁ በፊት ጀምሮ ይጮህ ነበር» ይላል። ለልጆቹ አባት ደወልኩለት፣ «እሱ ላይ ምንም አልጻፍንም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጻፍንም። ሦስት እግር፣ አዳማ ውስጥ ሞተር የሚያወርድ ታማኝ ጋራዥ የት አለ?